በሩን የዘጋው ማንጋው አይደለም

ጆሃንስበርግ ባለው ወገናችን ዘንድ አንድ ፍርድ ሥር ሰዷል። ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ክፍሉን ዘግቶ ከዋለ፣ ያበላሸው ስልኩ ነው፤ ያ ማንጋ የሚባለው የጃፓን የሥዕል መጽሐፍ ነው፤ አለዚያም ጥጋብ ነው። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፦ ስልኩን መቀማት፣ ጸበል ወይም ጸሎት ቤት መውሰድ፣ ካልሆነ ሱቅ ማስቆም፣ እሱም ካልሠራ አገር ቤት መላክ። ፍርዱ የተሳሳተ ነው፤ ልጆቻችንንም እየጎዳ ነው።

ከሚወገዙት መጻሕፍት አንዱን እንክፈት። «ሮዘን ሜይደን» ፒች-ፒት በሚል ስም የሚሠሩ ሁለት ጃፓናውያን ሴቶች እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመሩት ማንጋ ነው። ነፍስ ያላቸው ሰባት አሻንጉሊቶች ስለሚፋለሙበት፣ ወሬውን ብቻ የሰማ ወላጅ ጥንቆላ ቢለው አይገርምም። የታሪኩ እምብርት ግን ጁን የተባለ፣ ቤት የዋለ ተማሪ ነው። እናትና አባቱ ለሥራ ውጭ አገር ናቸው፤ የምትንከባከበው እህቱ ናት። በኢንተርኔት ዕቃ ያዛል፣ የመመለሻው ቀን ሳያልፍ ይመልሳል፣ ደግሞ ያዛል። ለምን እንዲህ ሆነ? ልብስ መንደፍ ይወድ ነበር። ለአንዲት የክፍሉ ልጅ የሳለውን የልዕልት ቀሚስ መምህሩ አደባባይ አወጣው፤ ተማሪዎቹ ሳቁበት፤ ልጁ በሰው ሁሉ ፊት አስመለሰው። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት አልረገጠም። በሩን የዘጋው ሐፍረት ነው፤ ለሐፍረቱ ያጋለጠውም ትልቅ ሰው ነው።

«ጃፓንማ በዚሁ ማንጋ ታማለች» የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የጃፓን መንግሥት ከ15 እስከ 64 ዓመት ካሉ ዜጎቹ 1.46 ሚሊዮን ያህሉ ከሰው ተለይተው እንደሚኖሩ ገምቷል። ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ግን ከሥራ መውጣት ነበር። የሃምሳ ዓመት ሰው በሥዕል መጽሐፍ ምክንያት ቤቱ አይቀርም።

ወደ እኛው የጆሃንስበርግ የንግድ መንገድ፣ ወደ ጄፒ እንመለስ። መንገዱ እ.ኤ.አ. በ2014 ራሂማ ሙሳ ቢባልም ለእኛ ያው ጄፒ ነው። እናት ማልዳ ወጥታ፣ ድሮ ሐኪሞች ይሠሩበት በነበረው ሜዲካል አርትስ ሕንፃ ውስጥ፣ መጋረጃና ቀሚስ ከጣሪያ እስከ ወለል ትሰቅላለች። አባት ሎኬሽን በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ባለው ሱቁ ያድራል። «ለእናንተ ብለን ነው የምንለፋው» ይላሉ፤ ሐሰት የለበትም። ልጁ ግን ትምህርት ቤት በመጤ መስደቢያው ቃል «መክዌሬክዌሬ» ሲባል ውሎ ሲመለስ ቤት ማንም የለም። እ.ኤ.አ. በ2008፣ በ2015 እና በ2019 የውጭ ዜጎች ሱቅ ሲዘረፍ ምን እንደደረሰ አባትየው ለልጁ አያወራም። ልጁም የራሱን አያወራም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ጁን ሰው እየሆነ የሚሄደው አሻንጉሊቶቹን ሲጠግንና ሲሰፋ ነው፤ የተሳቀበት እጁ ለሌላው ያስፈልጋል። እኛ በልብስ የምንኖር ሰዎች ነን፤ ወንድ ልጃችን ቀሚስ ሲስል ካየን ግን ደብተሩን እንቀድዳለን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ በአዋጅ ቢከለክሉም፣ ንቀቱን የሊምፖፖን ወንዝ አሻግረን እዚህ ድረስ አመጣነው። ከጄፒ በእግር የሚደረስበት የፋሽን ሰፈር ልብስ ሰፊና ንድፍ አውጪ ሞልቶታል። ልጁን አንዱ ዘንድ ይዞ መሄድ ከጸበሉ ጋር አይጣላም።

«የሱቅ ኪራይ አይጠብቅም» ትሉኛላችሁ። አይጠብቅም። የምጠይቀው አንድ ጠዋት ብቻ ነው፤ ልጁን «ማን ምን አለህ?» ብሎ መልሱን ቁጭ ብሎ መስማት፣ ከዚያም ትምህርት ቤቱ መሄድ። ብዙ ወላጅ የመኖሪያ ወረቀቱ ስላላለቀ መምህር ፊት መቆም ይፈራል። የደቡብ አፍሪካው የማካንዳ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ሰነድ የሌለው ልጅ ከትምህርት ገበታ ሊገለል እንደማይችል ወስኗል። ልጁ ስም ከነገራችሁ፣ ያንን ስም ይዛችሁ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ግቡ።