ስንተኛ ወጣሽ?

የመንፈቅ ዓመቱ ካርድ በተሰጠበት ዕለት ልጄን ከትምህርት ቤት ልወስዳት ሄጄ ነበር። ካርዱን እንደተቀበልኩ ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው ደረጃዋ ላይ ነው፤ ሁለተኛ። «አንደኛ ማን ወጣ?» አልኳት። ሌላ ምንም አላልኩም። ከፈረስ መጋላ ተነስተን በመኪና ግርግር በኩል ስናልፍ፣ ሁልጊዜ ሰላም የምትላቸውን ልብስ ሰፊዎች እንኳ ቀና ብላ አላየችም።

ማታ ታላቅ ወንድሟ ነደባው ላይ ተቀምጦ በስልኩ የቶኪዮ ኦሊምፒክን የሴቶች ቦክስ ያያል። እሷም ጠጋ ብላ አብራው ማየት ጀመረች። ጥቂት ቆይታ፣ «ይቺ ተሸንፋ የለም እንዴ? ታዲያ ሜዳሊያ ለምን ሰጧት?» ስትል ጠየቀችው። ጥያቄው ለወንድሟ ነበር፤ የነካው ግን እኔን ነው።

የቦክሱ ሕግ ቀላል ነው። በግማሽ ፍጻሜ የተሸነፉት ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ለሦስተኛነት እንደገና አይፋለሙም፤ ሁለቱም ነሐስ ይወስዳሉ። ልጄ ያየቻት ሴት ታይላንዳዊቷ ሱዳፖርን ሲሶንዲ ናት። ታሪኳን ፈልጌ ሳነብ ግን ነገሩ ከሕጉ በላይ ሆኖ አገኘሁት።

ሱዳፖርን በ1991 ተወለደች (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የተወዳደረችው በ60 ኪሎ ነው። አገሯ በቡጢና በእርግጫ ፍልሚያ ዓለም የሚያውቃት ብትሆንም፣ በባንኮኩ ዝነኛ የሉምፒኒ ስታዲየም ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ የተጋጠሙት በ2021 ነው። ኦሊምፒክም ቢሆን ለሴት ቦክሰኞች በሩን የከፈተው በ2012 ለንደን ላይ ነበር።

በ2018 ጃካርታ ላይ በተደረገው የእስያ ጨዋታዎች ለፍጻሜ ደርሳ በደቡብ ኮሪያ ተወዳዳሪ ተሸነፈች፤ ብር። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በኒው ዴልሂው የዓለም ሻምፒዮና እንደገና ለፍጻሜ ደረሰች። ከአምስቱ ዳኞች ሦስቱ ለአየርላንዷ ኬሊ ሃሪንግተን፣ ሁለቱ ለእሷ ፈረዱ፤ አሁንም ብር። ከሦስት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ፣ በሩብ ፍጻሜው እንግሊዛዊቷን ካሮላይን ዱቧን 3 ለ 2 አሸነፈች። በግማሽ ፍጻሜው የጠበቀቻት ግን ያቺው ሃሪንግተን ናት። ውጤቱም ያው 3 ለ 2 ሆነ። ሃሪንግተን አልፋ ወርቁን ስትወስድ፣ ለሱዳፖርን ነሐሱ ደረሳት።

እስቲ አስቡት፤ ሁለቱንም ጊዜ አንድ ዳኛ ብቻ ሐሳቡን ቢለውጥ ውጤቱ ይገለበጥ ነበር። እኔ እናቷ ብሆን ኖሮ ስልክ ደውዬ «አንደኛ ማን ወጣ?» እላት ነበር ማለት ነው!

ያ ነሐስ ግን ታይላንዳዊት ሴት በኦሊምፒክ ቦክስ ያገኘችው የመጀመሪያው ሜዳሊያ ነበር። የአገሪቱ ወንዶች በዚሁ ስፖርት ወርቅ ካመጡ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ሶምላክ ካምሲንግ በ1996 አትላንታ ላይ ለታይላንድ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ ያስገኘው በቦክስ ነው። ሴቶቹ ግን መንገዱን የጀመሩት ከሱዳፖርን ነሐስ ነው። በ2024 ፓሪስ ላይ ደግሞ ጃንጃኤም ሱዋናፔንግ በ66 ኪሎ ሁለተኛውን ነሐስ ጨመረች።

እኛስ? በ2000 ሲድኒ ላይ ደራርቱ ቱሉ በ10 ሺህ ሜትር ወርቁን ስትወስድ ሁለተኛ የገባችው የእኛው ጌጤ ዋሚ ነበረች። ጌጤ በዚያው ኦሊምፒክ በ5 ሺህ ሜትርም ነሐስ አግኝታለች። ለልጆቻችን ስንተርክ የስንቶቻችን አፍ ላይ የጌጤ ስም ይመጣል?

ደረጃ አይጠየቅ፣ ማሸነፍ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ሱዳፖርንም ሪንግ ውስጥ የገባችው ለማሸነፍ ነው። በሐረሪ ቤት ነደባውም ቢሆን ከፍና ዝቅ አለው፤ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው ግን ከቤት ወጣ አይባልም። የእኔ ጥፋት ከሁሉ አስቀድሜ የጠየቅኩት ሌላዋን ልጅ መሆኑ ነው።

በማግስቱ ካርዱን እንደገና ከፈትኩት። ሒሳብ አምና 71 ነበር፤ ዘንድሮ 84። ትናንት አላየሁትም። «እንዴት አድርገሽ ነው ሒሳቡን ያሻሻልሽው?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ማውራት ጀመረች። አንዲት ልጅ በዕረፍት ሰዓት እያስጠናቻት ነው፤ እሷ ደግሞ ለዚያች ልጅ እንግሊዝኛ ታስረዳታለች።

«ማን ናት?» አልኳት።

«አንደኛ የወጣችዋ» አለችኝ።