የቤተ ሰብ ምክር፤ የዘወትር ማዕድ እንዳይታጐል

ወር ቈጥሮ ደመወዝ የሚቀበል ሰው ገንዘቡ ሳይታወቀው ከሚያልቅበት መንገድ አንዱ ከቤቱ ውጭ የሚበላው ምግብ ነው። ቀን በምግብ ቤት ይበላል፤ ማታም ደክሞ ሲገባ ምድጃው ቀዝቅዞ ቢያገኘው ተመልሶ ይወጣል፤ ወይም ከውጭ ያስመጣል። ይህ ልማድ እየሰፋ ሲሄድ ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ አይቀርም። አባት በአንድ ስፍራ፤ ልጆች በሌላ ስፍራ እየበሉ፤ በአንድ መሶብ ዙሪያ ተቀምጦ የውሎን ነገር መጨዋወት ከቤቱ ይጠፋል።

ምክንያቱ ምንድን ነው ቢባል፤ ብዙ ሰው ስንፍና ነው ይላል። ነገሩን መርምሮ ለተመለከተው ግን ከስንፍና ይልቅ ሁለት ሌሎች ምክንያቶች ይገኛሉ።

መጀመሪያው የዘወትርን ምግብ በበዓል ምግብ መለካት ነው። ዶሮ ወጥ በወጉ ሲሠራ ዶሮው በ12 ብልት ተገንጥሎ ደጋግሞ ይታጠባል፤ ሽንኵርቱም ረዥም ሰዓት ይቁላላል። ይህ ለበዓልና ለእንግዳ ክብር የተገባ ነው። ነገር ግን በሥራ ቀን ማታ እንዲህ ያለ ካልሆነ አይቀርብም የሚል ሰው ምንም ሳይሠራ ይቀራል። ሽሮንና ምስርን የድኻ ምግብ ነው እያሉ መናቅም ከዚሁ ኩራት የመጣ ነው። ሆኖም የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በአውሮፓ አቈጣጠር 2016 ዓመተ ምሕረትን የጥራጥሬ ዓመት ብሎ በዓለም ሁሉ አስቦታል። የጤፍ እንጀራ ላይሲን ከሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያለው ጥቂት ነው፤ ምስርና አተር ግን ያንኑ በብዛት ይዘዋል። ስለዚህ እንጀራን በምስር ወጥ የሚበላ ሰው የአንዱን ጕድለት በሌላው ይሞላል።

ሁለተኛው ምክንያት ሥራውን ሁሉ ለማታ ማቈየት ነው። የደከመ ሰው ሽንኵርት ከመላጥ ጀምሮ ወጡ እስኪወጣ ያለውን ድካም ሲያስበው ልቡ ይዝላል። ባልትና የሚባለው የእናቶቻችን ጥበብ ግን ለዚህ መድኃኒት አለው። ሽሮ ምንድን ነው? አተሩ ወይም ሽምብራው ተቈልቶ፤ ተከክቶ፤ ከቅመሙ ጋራ ተፈጭቶ አስቀድሞ ያለቀ ድካም ነው፤ ለማታ የሚቀረው ማፍላትና ማማሰል ብቻ ነው። የተዘጋጀ በርበሬና ድርቆሽም እንደዚሁ ናቸው።

እንግዲህ ይህንኑ መንገድ ማስፋት ይገባናል። ማቀዝቀዣ ባለበት ቤት በእሑድና በረቡዕ ለ3 ቀን የሚበቃ ቁሌት በአንድ ጊዜ አብስሎ ማኖር ነው። ቁሌቱ ካለ ክክ ምስር ሳይዘፈዘፍ በ20 ወይም በ30 ደቂቃ ይበስላል። ማቀዝቀዣ የሌለውም ቢሆን ሽሮና ክክ ምስር ከጓዳው እንዳይታጡ ይጠንቀቅ። የተረፈው እንጀራም ለነገ ቍርስ ፍርፍር ይሆናል።

ደግሞም ምን እንሥራ እያሉ በየማታው መከራከር ራሱ ያደክማል። ቀጠሮ ያልተቈረጠለት ጉዳይ በመዝገብ ቤት ሲንከባለል እንደሚኖር፤ ቀን ያልተወሰነለት ምግብም እንዲሁ ነው። ሰኞ ሽሮ፤ ማክሰኞ ጐመንና ድንች፤ ረቡዕ ምስር፤ ሐሙስ እንቍላል፤ ዓርብ አተር ክክ ተብሎ ቢወሰን ክርክሩ ይቀራል፤ ገበያውም በልክ ይሆናል።

ከሁሉም በላይ ሥራው በእመቤቲቱ ወይም በሠራተኛዪቱ ትከሻ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ያስፈልጋል። ብቻዋን የምትደክም ሰው ፈቃዷ ቢደክም አይፈረድባትም። ባል ሽንኵርት ቢልጥ፤ ልጅም ምስር ቢለቅም ማዕርጋቸው አይቀነስም፤ ሥራው ግን በግማሽ ይቀላል።

ሰባቱን ማታ በአንድ ጊዜ አቀናለሁ ብሎ የሚነሣ ሰው ሳምንቱ ሳያልቅ ይሰለቻል። ስለዚህ በሳምንት በ2 ማታ ይጀመር፤ ለውጭ ምግብ የሚወጣውም ገንዘብ በደብተር ይጻፍ፤ በወሩም ፍጻሜ ይደመር። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለ፤ ሁለቱ ማታ ሦስት፤ ሦስቱም አራት እየሆኑ ቤቱ ወደ ማዕዱ ይመለሳል።