የመምህራንን ምርምር ማን ይምራው?

መምህር የገዛ ክፍሉ መርማሪ ይሁን የሚለው አሳብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ ከተጀመረ ወዲህ ተግባራዊ ምርምር በሥልጠናው ውስጥ ገብቷል። ነገር ግን በውኑ ምርምር ይደረጋልን? በብዙ ስፍራ ርእሱ ካለፈው ዓመት ጽሑፍ ይቀዳል፤ ምክንያቱ የወላጅ ቸልተኝነት፣ መፍትሔውም የማጠናከሪያ ትምህርት ተብሎ ይጻፋል፤ ከዚያም ተጠርዞ በመደርደሪያ ላይ አቧራ ይለብሳል።

ለዚህ መምህሩን ብቻ መውቀስ ፍርድ ማጉደል ነው። ቡድኑን የሚሰበስበው ሰውና የመምህሩን የሥራ አፈጻጸም ነጥብ የሚሞላው ሰው አንድ ሲሆን፣ «ትናንት ክፍልፋይ ሳስተምር እኩሌቶቹ አልገባቸውም» ብሎ የሚናገር ማን ነው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኛ ግን የደበቀውን በነጥብ እንሸልማለን።

እንግሊዛዊው ሎውረንስ ስተንሐውስ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሥርዓተ ትምህርት በእያንዳንዱ ክፍል በመምህሩ የሚፈተን አሳብ እንጂ ተቀብለውት ብቻ የሚፈጽሙት ትእዛዝ እንዳልሆነ አስረድቷል። አስቀድሞም እ.ኤ.አ. በ1967 በጀመረው ሥራ፣ አከራካሪ ጉዳይ በክፍል ሲነሣ መምህሩ የራሱን አሳብ ሳይጭን ውይይቱን የሚጠብቅ ሰብሳቢ እንዲሆን ጠይቋል። ለመምህራን ቡድን መሪ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከወዴት ይገኛል? በጃፓንም መምህራን አንድን ትምህርት በኅብረት ያዘጋጃሉ፤ አንዱ ሲያስተምር ሌሎቹ ተማሪዎቹን ይመለከታሉ፤ በኋላም የሚመረመረው ትምህርቱ እንጂ ሰውዬው አይደለም።

«ያለ ተቆጣጣሪ ሥራው ይላላል፤ መምህሩም የምርምር ዘዴ አያውቅም» የሚሉ አይታጡም። መልሳችን፣ መሪ አያስፈልግም የሚል አይደለም፤ የመሪው ሥራ ሌላ ነው የሚል ነው። መሪው «ይህን በምን ዐወቅህ?» እያለ ይጠይቅ፤ የተማሪውን ደብተር ማስረጃ አድርጎ በጠረጴዛ ላይ ያስዘርጋ፤ ዝም ያለውን ያናግር፤ ችኩሉን ያዘግይ። ይህ ከቁጥጥር ይልቅ የሚከብድ ሥራ ነው። ዘዴውም ቢሆን በሥራ ላይ ይለመዳል።

ስለዚህ የሚመለከታቸው ሹማምንት ሦስት ነገር ያድርጉ። የቡድኑን መሪነት ከነጥብ ሰጪነት ይለዩ። ለውይይቱ በሳምንቱ የክፍለ ጊዜ ድልድል ውስጥ ሰዓት ይመድቡ። በዓመቱ መጨረሻም የጽሑፉን ገጽ መቁጠር ትተው በክፍሉ ውስጥ ምን እንደ ተለወጠ ይጠይቁ። ይህ ካልሆነ መደርደሪያው ይሞላል፤ ክፍልፋይ ያልገባው ልጅ ግን ሳይገባው ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል።