ወሬ የሚያረባ ክትትል

በመጋቢት 1929 ዓ.ም፣ የአዲስ አበባው የየካቲት 12 ጭፍጨፋ ካለፈ ከአንድ ወር በኋላ፣ የፋሺስት ጣሊያን እንደራሴ ግራዚያኒ ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም ጸጥታ ነሺ ብሎ ከቆጠራቸው ሰዎች መካከል አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ባሕታውያን ነበሩ። ጥፋታቸው የጣሊያን ዕድሜ አጭር ነው እያሉ ማውራታቸው ነው። ተለቅመው እንዲረሸኑ አዘዘ፤ በቀናት ውስጥም 70 ያህሉ መወገዳቸውን አሳወቀ። ወሬው ግን ከአዝማሪዎቹ ጋር አልተቀበረም። ይልቁንም ባለቤቱ ስለጠፋ ማንም የፈለገውን ይጨምርበት ጀመር።

ይህን የማነሣው የዛሬውን መንግሥት ከፋሺስት ወራሪ ጋር ለማስተካከል አይደለም፤ እንዲህ ያለ ንጽጽር ተከራካሪንም አንባቢንም ያሰንፋል። ወሬ ነጋሪውን እያሳደዱ ወሬን ማጥፋት እንደማይቻል በዚህችው ከተማ ቀድሞ የታየ ስለሆነ ነው። ዛሬ የማኅበራዊ ሚዲያን ንግግር የመከታተል ሥራ የሚሠራው ሐሰተኛ መረጃንና ጥላቻን ለመግታት ነው ይባላል። የእኔ ክርክር ሥራው የሚሰጠው ውጤት የዚያ ተቃራኒ ነው የሚል ነው። ስሙንና ፎቶውን ይዞ የሚናገረውን ሰው ዝም ያሰኛል፤ ስም የሌለውን፣ ፊት የሌለውን፣ ባሕር ማዶ የተቀመጠውን ግን አይነካውም። ሜዳውም ለእሱ ይቀራል።

በፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ እኔ በምኖርበት ሰፈር፣ የዕድራችን የቴሌግራም ግሩፕ አለ። ከላይ የተለጠፈው ደንብ አንደኛ ተራ ቁጥር «ፖለቲካ ክልክል ነው» ይላል። ሲጻፍ ማንም አልተቃወመውም፤ ለቅሶ የሚነገርበት ቦታ ፖለቲካ ምን ያደርግለታል? ችግሩ የመጣው ፖለቲካው የት ላይ እንደሚጀምር ሲጠፋ ነው። ውኃ ከጠፋ ሳምንት ሆነ ብሎ የጻፈ ጎልማሳ «ጋሼ፣ ይሄ እንኳ ይቅርብን» ተባለ። ለወንዝ ዳር ልማት ቤቶች ላይ ምልክት ተደርጓል ብላ ፎቶ የለጠፈች ወጣት ደግሞ ፎቶዋ በደቂቃ ውስጥ ተነሣ። ያነሣው ካድሬ እንዳይመስላችሁ። የዕድሩ ጸሐፊ ነው፤ ጡረታ የወጣ መምህር፣ ሰፈሩ የሚያከብረው ሰው። ለምን እንዳጠፋው ስትጠይቀው በውስጥ መስመር የጻፈላት «ልጄ፣ ማን እንደሚያነበው አይታወቅም» የሚል ብቻ ነበር።

ሰዉ ግን መጠየቁን አልተወም። ማን ይነሣል? መቼ? ካሳው ስንት ነው? ጥያቄው ከግሩፑ ወጥቶ ወደ ሱቅ ደጃፍ፣ ከመገናኛ ኮተቤ ወደሚጫን ታክሲ ሄደ። እዚያ የተለያየ ቀን፣ የተለያየ የካሳ መጠን ተነገረው። ፎቶው ግሩፑ ላይ ቢቆይ ኖሮ ከወረዳው ደብዳቤ የደረሰው አንድ ጎረቤት «ተሳስታችኋል፣ እኔ የተሰጠኝ ይኸው» ብሎ ያርመው ነበር። በአደባባይ የተነገረ ስሕተት አራሚ ያገኛል። በጆሮ የተነገረውን ማን ያርመዋል?

የዕድሩን ጸሐፊ ፈሪ ለማለት የሚቸኩል ሰው የኋላውን ታሪክ ያስታውስ። በሚያዝያ 2006 የዞን 9 ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ሲያዙ ቡድኑ ከተመሠረተ ሁለት ዓመት ገደማው ነበር። ስሙን ያወጡት ከቃሊቲ እስር ቤት ነው፤ ግቢው ስምንት ዞኖች አሉት፣ ዘጠነኛው ከአጥሩ ውጭ ያለው አገር ነው በሚል። በክሳቸው ላይ ኢሜይልንና ኮምፒውተርን ከጠላፊ መጠበቅ የሚያስተምር፣ ማንም ከኢንተርኔት በነጻ የሚያወርደው መመሪያ ለሽብር የመዘጋጀት ማስረጃ ተደርጎ ቀረበ። ከሰላይ ለመሸሸግ መሞከር ራሱ ወንጀል ሆነ ማለት ነው። አምስቱ በሐምሌ 2007 ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ፤ ሌሎቹን ፍርድ ቤት በጥቅምት 2008 ከሽብር ክስ ነጻ ብሎ አሰናበተ። የሰማያዊ ፓርቲ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ የነበረው ዮናታን ተስፋዬ ግን እንደ እነሱ አልቀናውም። ስለ ኦሮሚያው ተቃውሞ ፌስቡክ ላይ በጻፋቸው ጽሑፎች በታኅሣሥ 2008 ተይዞ በግንቦት 2009 የስድስት ዓመት ከስድስት ወር እስራት ተፈረደበት። ጽሑፎቹን ያነበበ ሁሉ በየቤቱ የራሱን ገጽ ወደ ኋላ እየሄደ ማጽዳት ጀመረ።

ከዚህም በላይ የሚያስፈራው በዓይን የማይታየው ነው። በ2005 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ የተቃዋሚው ድርጅት የግንቦት 7 መሪዎችን ፎቶ እንደ ማጥመጃ የያዘ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም አገኘ፤ መረጃ የሚቀበለው ማሽንም የኢትዮ ቴሌኮም አድራሻ ላይ ነበር። በ2006 ደግሞ ውጭ አገር የሚሠሩ የኢሳት ጋዜጠኞች ሃኪንግ ቲም በተባለ የሚላኖ ኩባንያ ምርት መጠመዳቸውን ይፋ አደረገ። በሰኔ 2007 መጨረሻ የዚያው ኩባንያ የውስጥ ደብዳቤዎች ራሳቸው ተጠልፈው ሲወጡ ደንበኛው የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ፣ በተለምዶ ኢንሳ፣ ለአገልግሎቱ አንድ ሚሊዮን ዶላር መክፈሉ ታወቀ። ለእኔ ትልቁ ነገር ከደብዳቤዎቹ የሚነበበው ሌላ ነው፤ የሻጩ ሰዎች ራሳቸው ኢንሳ ዕቃውን በዝርክርክነት ይጠቀምበታል እያሉ ያማርሩ ነበር። የፈራነው ያን ያህል የተራቀቀ ጆሮ አልነበረም። ፍርሃቱ ግን ሙሉ ሆኖ ደረሰን፤ ሁሉን ለማስፈራት ጥቂቱን መስማትና ያንኑ መስማትህን ማሳወቅ ይበቃል። በ2006 የወጣው የሂዩማን ራይትስ ዎች ዘገባ በምርመራ ክፍል ውስጥ የገዛ ስልክ ንግግራቸው የተከፈተባቸውን ሰዎች ቃል ሰብስቧል። ከዚያ ክፍል የወጣ ሰው ወሬውን ለስንቱ እንደሚነግር አስቡት። ደርግ ይህን የሚያደርገው በቀበሌ ነበር፣ ኢሕአዴግ በአንድ ለአምስት፤ ጆሮ ጠቢው ጎረቤትህ ነው ብለህ እስካመንህ ድረስ ጎረቤትህ ጆሮ ጠቢ መሆን አያስፈልገውም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የትናንት ነው ይባል ይሆናል። ከ2010 በኋላ እስረኞች ተፈቱ፣ የተዘጉ ድረ ገጾች ተከፈቱ፣ እኔም እንደ ሌላው ደስ ብሎኝ ነበር። በየካቲት 5 ቀን 2012 ምክር ቤቱ ያጸደቀው የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ ስርጭት መከላከያና መቆጣጠሪያ አዋጅ፣ ቁጥር 1185/2012፣ የመጣውም በዚያው ዘመን ነው። አዋጁን በጅምላ መኮነን አግባብ አይመስለኝም። ሰው በብሔሩ ተፈልጎ ይገደል በነበረበት ወቅት የወጣ ሕግ ነው። ለትምህርታዊ ጥናት፣ ለዜና፣ ለፖለቲካ ትችት፣ ለኪነ ጥበብና ለሃይማኖት አስተምህሮ በር ትቷል። ነገር ግን ሐሰተኛ መረጃን የሚተረጉመው ሐሰትነቱን ያወቀውን ብቻ ሳይሆን «ማወቅ የሚገባውን»ም ጨምሮ ነው፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከተሰራጨ ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። ማወቅ የሚገባኝን የሚወስንልኝ ማን ነው? መጀመሪያ መርማሪው ነው፤ ዳኛው የሚመጣው ከስንት ቀን እስር በኋላ ነው። ተስፋለም ወልደየስ በ2006 ከዞን 9 ጦማርያን ጋር ታስሮ የነበረ ጋዜጠኛ ነው። በሰኔ 2017 እንደገና ተያዘ፤ በዚህኛው ጊዜ የተጠረጠረው በሐሰተኛ መረጃ ስርጭት ነበር፣ በዋስም ተፈታ። ያው ሰው፣ ሌላ መንግሥት፣ ሌላ የክስ ስም።

የክትትሉ ደጋፊዎች ከሁሉ የሚከብደው ማስረጃቸው ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ናቸው። ሊከብድም ይገባል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። ፌስቡክ ላይ ስማቸው፣ ፎቶአቸው፣ የሚኖሩበት ሰፈር እየተጠቀሰ፣ ትግራዊነታቸው እንደ ወንጀል ተቆጥሮ ተጻፈባቸው። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሡ ለኩባንያው አመለከተ። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ቤታቸው ደጃፍ ላይ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው በፌስቡክ ባለቤት በሜታ ላይ ናይሮቢ ውስጥ ክስ መሥርቷል፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በመጋቢት 2017 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል።

እንዲህ ያለ ጽሑፍ መነሣት ነበረበት፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ልብ እንበል። በዚያን ቀን አዋጅ 1185 ሥራ ላይ ከዋለ ዓመት ከሰባት ወር አልፎት ነበር። ኩባንያዎች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ ያዛል። ኢንሳም ነበር፣ የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣንም ነበር። የጠፋው ጆሮ ሳይሆን ለተገዳዩ የሚደርስ ጆሮ ነው። በዚያው ሰሞን ፌስቡክ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ገጽ ላይ አንድ ጽሑፍ ዓመፅን የማነሣሣት ደንቤን ጥሷል ብሎ አነሣ። ሥራ አስፈጻሚው ራሱ የሰሜኑ ጦርነት ተፋላሚ ሲሆን የጦርነቱን ንግግር ዳኛ ሊሆን እንደማይችል ከዚህ የበለጠ ማሳያ አላውቅም። የትኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር ያንን ጽሑፍ ለፌስቡክ ሊጠቁም የሚችለው?

ጀርመንም በ2018 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ግልጽ ሕገ ወጥ ጽሑፍ በ24 ሰዓት እንዲነሣ አዝዛ ነበር፣ ቅጣቱም እስከ 50 ሚሊዮን ዩሮ ይደርስ ነበር፤ የእኛ ሕግ ደጋፊዎች ይህን መጥቀስ ይወዳሉ። የሚዘሉት ግን እዚያ ዛቻው ኩባንያው ላይ እንጂ 5,000 ተከታይ ባለው ጸሐፊ ላይ አለመሆኑን፣ መንግሥትን የሚረታ ፍርድ ቤት መኖሩንም ነው። እኛ ዘንድ አቅጣጫው ተገልብጧል። በሚያዝያ 2017 የመገናኛ ብዙኃን አዋጁ ሲሻሻል የባለሥልጣኑን ዋና ዳይሬክተር የመሾሙ ሥልጣን ከምክር ቤቱ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሄደ።

ጆሮው ሳይበቃ ሲቀር በሩ ይዘጋል። ሰኔ 15 ቀን 2011 በባሕር ዳር የክልሉ ርእሰ መስተዳድር፣ በአዲስ አበባ የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹሙ በተገደሉበት ሌሊት ኢንተርኔት ጠፋ። በሰኔ 2012 ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፋ። በሁለቱም ጊዜ ከተማው በሹክሹክታ ነበር ያደረው። ከሁሉ የገረመኝ ግን የየካቲት 2015ቱ ነው። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የሲኖዶስ ውዝግብ ሳቢያ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታገዱ፤ እስከ ሐምሌም እንደታገዱ ቆዩ። በእነዚያ አምስት ወራት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በታገደው ፌስቡክ ላይ መግለጫ ማውጣታቸውን አላቆሙም። ሰዉም ቪፒኤን ጭኖ አነበበ፤ ሾላ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ እናት ሳትቀር ልጇ ጭኖላት። ቪፒኤን የለመደ ሰው ደግሞ አድራሻውን መሰወር ለመደ፣ ስሙንም ቀየረ። በመጨረሻ ስንመለስ ከበፊቱ የበዛ የሐሰት አካውንት ያለበት የመሰለኝ ፌስቡክ ጠበቀን።

ወሬን የሚያረባው መልስ ማጣትም ነው። በየካ ኮረብታዎች ላይ የሚገነባውን፣ ጫካ ፕሮጀክት የተባለውን ግዙፍ ግንባታ ውሰዱ። በ2015 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለሱ በምክር ቤት ተጠይቀው መልስ ሰጥተዋል፤ ሰፈሩ ውስጥ ግን ዋጋው ስንት ነው ብትሉ የሰው ቁጥር ያህል መልስ ታገኛላችሁ፤ አንዱ ከሌላው በመቶ ቢሊዮን ብር ይራራቃል። ይህን ጥያቄ በስሙ ፌስቡክ ላይ የሚጽፍ የየካ ነዋሪ ግን ብዙ አላየሁም። እንጦጦ ፓርክ ወጥቶ ሴልፊውን የሚለጥፈው ሁሉ ግን ስለዚያ ግንባታ ቤቱ ገብቶ ያወራል። ቁጥሩን የሚያውቀው መሥሪያ ቤት ዝም ካለ፣ የማያውቀው ዩቲዩበር ይናገራል፤ ያኔ ተከታታዩ መሥሪያ ቤት ዩቲዩበሩን ሐሰተኛ መረጃ አሰራጨ ይለዋል።

ለዚህ የሚሆን ሕግ ካስፈለገ አዲስ ማርቀቅ አያሻም። አዋጅ 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ አቤቱታ የሚሰማውም የእንባ ጠባቂ ተቋም ነው። ለጥያቄው መልስ የተሰጠው ገደብ 30 ቀን ነው። አንድን ጽሑፍ ለማጥፋት 24 ሰዓት፣ አንድን ጥያቄ ለመመለስ 30 ቀን። ኩባንያዎች 24 ሰዓቱን ማክበር አለማክበራቸውን ባለሥልጣኑ በሪፖርት ለሕዝብ እንዲያሳውቅ አዋጅ 1185 ያዛል። 30 ቀኑን ያሳለፉትን መሥሪያ ቤቶች ስም የሚዘረዝር ሪፖርት ለማውጣት የእንባ ጠባቂ ተቋም የማንንም ስልክ መጥለፍ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው አንድ መዝገብና አንድ የማይፈራ ጸሐፊ ነው።