ድንጋዩን የሚጠብቀው ማን ነው?

ስለ ቱሪዝም በተነሣ ቁጥር የምንሰማው ንግግር አንድ ዓይነት ነው። የአገራችን የታሪክ ባለጸጋነት፣ የአየሯ ተስማሚነት፣ የሕዝቧ እንግዳ ተቀባይነት ይዘረዘርና ጭብጨባ ይከተላል። አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ያወጡት «የ13 ወር ጸጋ» የሚለው መፈክርም እስከ ዛሬ ከብዙዎቻችን አፍ አልጠፋም። ይህ ሁሉ መልካም ነው። እኛ ግን አንድ ጥያቄ አለን፤ ከዚህ ጸጋ ለባላገሩ የሚደርሰው ምን ያህል ነው?

መልሱን ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያሻም። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ በአዋሽ ዳር መልካ ቁንጡሬ ይገኛል። የጥንት ሰው ከባልጩት እየፈለጠ የሠራቸው መሣሪያዎች የተገኙበት ይህ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከዋናው መንገድ ወጣ ሲሉ ከአለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም አለች። ወደ ሶዶ ወረዳ ሲዘልቁ ደግሞ ጥያ ይደረሳል። በዚያ ከቆሙት 36 ትክል ድንጋዮች 32ቱ ሰይፍና ሌላ ልዩ ልዩ ምልክት የተቀረጸባቸው ናቸው፤ የተመዘገቡትም እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ሦስቱም ስፍራዎች በአንድ ቀን ታይተው ማታ አዲስ አበባ ይገባል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ላይ ነው።

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ከመካከላችን ጥቂቶች ጥያን ለማየት ሄደን ነበር። እኛ በቆየንበት ሰዓት አንድ መኪና ጎብኚዎች መጡ። የመግቢያውን ከፍለው፣ ድንጋዮቹን ዞረው፣ ፎቶግራፍ አንሥተው፣ ከከተማ ይዘውት የመጡትን ምሳ ከመኪናው አጠገብ በልተው ሄዱ። ከአንድ ሰዓት ብዙም አልበለጠም። በአቅራቢያው ቆጮ የሚጋገርበት፣ ጎመንና አይብ የማይጠፋበት ቤት ሞልቶ ሳለ ከመንደሩ አንድ ስኒ ቡና እንኳ የጠጣ አልነበረም። በእርሻው ዳር ያገኘናቸውን አንድ አባት ምልክቶቹ ምን እንደሆኑ ብንጠይቃቸው፣ የተማራችሁት እናንተ አይደላችሁም እንዴ ብለው መልሰው ጠየቁን። አፈርን፤ የምንመልሰው አልነበረንምና።

የአገሬው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል፤ የጥናት ሰዎች ግን ከግራኝ ዘመን የቀደሙ መሆናቸውን ገልጸዋል። በሥራቸው ባለው መቃብር የተገኘውም አብዛኛው የወጣቶች አጽም መሆኑ ተጽፏል። እንግዲህ እዚያ ያረፉት የእኛ እኩዮች ናቸው ማለት ነው። ይህን ከእኛ ወገን ለመንደሩ ልጆች የነገራቸው ስንቱ ነው?

ነገሩ የምሳና የቡና ብቻ እንዳይመስለን። በሶዶ አገር ያለው ትክል ድንጋይ የጥያው ብቻ አይደለም። አጥር የሌላቸው፣ ዘበኛ ያልቆመላቸው ሌሎች በእርሻ መካከል ቆመው ይገኛሉ። እነርሱን በእውነት የሚጠብቃቸው ማረሻውን ዞር አድርጎ የሚያልፈው ገበሬ ነው። መሬቱ በጠበበና ልጆቹ በበዙ ቁጥር ግን፣ አንዲት ሳንቲም ላላስገኘለት ድንጋይ ቦታ እየተወ እስከ መቼ ይኖራል? ድንጋዩ ከወደቀ በኋላ የምናደርገው ስብሰባ መልሶ አያቆመውም።

ገበሬው የቸገረው ውሃና ሐኪም ነው እንጂ ፈረንጅ አይደለም የሚሉ ጓደኞች አሉን። እውነታቸውን ነው። ቱሪዝም እርሻን አይተካም፤ በሬና ዘር የሌለውን ሰው በጎብኚ ተስፋ መሸንገልም ነውር ነው። ነገር ግን ጎብኚው እንደ ሆነ መምጣቱን አልተወም። ስለዚህ ክርክሩ ይምጣ አይምጣ ሳይሆን፣ ሲመጣ የሚያስገባው ገንዘብ ለዚያው ውሃና ለዚያው ክሊኒክ ይዋል ወይስ መንደሩን ዘሎ ይመለስ የሚለው ነው።

ስለዚህ የምንለው አጭር ነው። አንደኛ፣ ከመግቢያው ገንዘብ ለቀበሌው የሚደርሰው ስንት እንደሆነና በምን ላይ እንደዋለ በየዓመቱ በአደባባይ ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ የመንደሩ ሴቶች በማኅበር ተደራጅተው ምሳና ቡና የሚያቀርቡበት ንጹሕ ቤት ይሠራ፤ አስጎብኚ ድርጅቶችም እንግዶቻቸውን እዚያ ያብሉ። ሦስተኛ፣ አስጎብኚነቱ በቅድሚያ ለአካባቢው ወጣቶች ይሰጥ፤ ሥልጠናም ያግኙ።

አራተኛው የእኛ የተማሪዎች ፋንታ ነው። በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የዚያን ጊዜ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ አገር ወርደው ያገለግሉ ነበር። ከእኛ ዓመት የሚጠይቀን የለም፤ የአንድ ክረምት ጥቂት ሳምንታት ይበቃሉ። የታሪክ ተማሪዎች ሽማግሌዎቹ የሚያውቁትን ይጻፉ፤ የቋንቋ ተማሪዎች በአማርኛና በክስታንኛ አነስተኛ መጽሐፍ ያዘጋጁ፤ የሒሳብ አያያዝ የተማሩትም የሴቶቹን ማኅበር መዝገብ ያስጀምሩ። የተማሪዎች ማኅበራችን ይህን ጉዳይ በሚቀጥለው ስብሰባ እንዲያነሣው እንጠይቃለን።

ያን ጊዜ ወደዚያ እርሻ ዳር ተመልሰን፣ ለጠየቁን አባት የምንመልሰው ይኖረናል።