«ኔትወርክ የለም» ማለት ምን ማለት ነው?



እኔ አስተማሪ አይደለሁም፤ ዕጩ መምህርም አይደለሁም። በዚህ ማሠልጠኛ ውስጥ የኮምፒዩተሩን ክፍል ቁልፍ የያዝኩ፣ ጣራ ላይ ወጥቼ ገመድ የምዘረጋ፣ ዋይፋይ ሲጠፋ ከምሳዬ ላይ የምጠራ የኢንተርኔት ቴክኒሺያን ነኝ። በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ማስተማሪያ መርጃ መሣሪያ፣ ስለ ስፖርት ውድድርና ስለ መኝታ ቤት ንጽሕና ሲጻፍ አንብቤአለሁ። ስለ እኔ ሙያ ሲጻፍ ግን አላየሁም። ስለ ሙያዬ በየቀኑ የምሰማው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይኸውም «ዛሬም ኔትወርክ የለም?» የሚለው ነው። እኔም ዛሬ ይህንኑ መነሻ አድርጌ አስተያየቴን ለማቅረብ ብዕሬን አንሥቻለሁ።

ለመሆኑ «ኔትወርክ የለም» ማለት ምን ማለት ነው? ብዙዎቻችን ይህን ቃል እንደ ዝናብ አለመዝነብ እንቆጥረዋለን። ከላይ የመጣ፣ ባለቤት የሌለው፣ «ምን ይደረግ» ተብሎ የሚታለፍ ይመስለናል። በመሠረቱ ግን «የለም» አንድ ዓይነት ሳይሆን አራት ዓይነት ነው። አራቱንም ለይቶ ማወቅ ደግሞ የቴክኒሺያን ሥራ ብቻ አይደለም።

የመጀመሪያው የመስመር ብልሽት ነው። ኢንተርኔት በአየር ላይ ብቻ የሚመጣ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። ከእጃችሁ ስልክ እስከ ማማው ድረስ ያለው እውነትም በአየር ነው። ዋናው አውራ ጎዳና ግን ገመድ ነው። ውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስተዋት አለ፤ በመስተዋቱ ውስጥ ብርሃን በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት ይህ ብርሃን በጂቡቲና በኬንያ በኩል አልፎ ነው ከባሕር ሥር ገመዶች ጋር የሚገናኘው። እንግዲህ በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ አንድ የመንገድ ሥራ ኤክስካቫተር አካፋውን አለቦታው ካሳረፈ አለቀ። መብራት ሄዶ የማማው ባትሪ ካለቀም እንደዚያው ነው።

ሁለተኛው መጨናነቅ ነው። ለምሳሌ ያህል 20 ሜጋቢት የሆነን መስመር 80 ሰው በአንድ ጊዜ ቢጠቀምበት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ሩብ ሜጋቢት ነው። በሩብ ሜጋቢት ጽሑፍ ይላካል እንጂ የትምህርት ቪዲዮ አይታይም። ከማታው ሁለት ሰዓት በኋላ እኔን ከመውቀሳችሁ በፊት እስቲ ጎን አልጋ ላይ ያለው ጓደኛችሁ ስንት ፊልም እያወረደ እንደሆነ ጠይቁት!

ሦስተኛው የኪስ «የለም» ነው። ማማው መንደሩ መካከል ቆሟል፤ የተማሪው አባት ግን ስልክ የሚገዛበት ወይም ጥቅል የሚሞላበት ገንዘብ የለውም። ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስከ 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ አገልግሎቱን ለሕዝብ ሲሸጥ የኖረው አንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሥራ ሲጀምር ሁለት ሆኑ። መልካም ነው፤ ሁለት ሱቅ ካንድ ሱቅ ይሻላል። ይሁን እንጂ ገንዘብ ለሌለው ሰው ሱቁ ሁለት ቢሆን ሦስት ቢሆን ያው ነው።

አራተኛው «የለም» ግን ከሦስቱ ይለያል። ገመዱ ደኅና ነው፤ መብራት አለ፤ ካርድም ተሞልቷል፤ ነገር ግን አገልግሎቱ በትእዛዝ ተዘግቷል። ስለዚህኛው ለመጻፍ ያስገደደኝ የራሴ ጥፋት ነውና እንደ ንስሐ ቁጠሩልኝ።

በ2012 ዓ.ም. ክረምት እዚህ ከመምጣቴ በፊት በአንዲት ትንሽ ከተማ የኢንተርኔት መስመር እየጠገንኩ እተዳደር ነበር። እትዬ ብዬ የምጠራቸው ጎረቤት ነበሩኝ። ልጃቸው ቤይሩት በሰው ቤት ትሠራለች። የምትደውለው በአሠሪዎቿ ዋይፋይ በኢሞ ነው። ጊዜው በሊባኖስ የኑሮ ቀውስ የደረሰበትና ብዙ እህቶቻችን ደመወዛቸውን ሳያገኙ ከየቤቱ እየተባረሩ በቆንስላችን ደጃፍ የተጣሉበት ጊዜ ነበር። እንዳጋጣሚ በዚያው ሰሞን፣ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ከሰኔ 23 ቀን ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘጋ።

እትዬ ጧት ጧት ከደጄ አይጠፉም። «ልጄ፣ ያንተ ሥራ አይደል? ምን ሆኖ ነው የጠፋው?» አሉኝ። በእጄ መለኪያ አለ፤ በገመዱ ውስጥ ብርሃን ሲጓዝ ይታየኛል። ገመዱ ምንም እንዳልሆነ አውቃለሁ። እንዲህ በል ብሎ ያዘዘኝ ሰው የለም። ዝም ብዬ ፈራሁና፣ «መስመር ተበላሽቶ ነው እትዬ፣ ነገ ይጠገናል» አልኳቸው።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? መሰላልህን ይዘህ ውጣ እንጂ!»

እኔም መሰላሌን ይዤ ወጣሁ። ምንም ያልጎደለውን ምሰሶ ነካክቼ ወረድኩ። በማግሥቱም «ነገ» አልኳቸው፤ በሳልስቱም «ነገ»። እንዲህ እያልኩ ሦስት ሳምንት ያህል አለፈ። ሐምሌ ላይ ኢንተርኔቱ ሲመለስ እትዬ ድፎ ዳቦ ጋግረው አመጡና፣ «እጅህ ይባረክ፣ ጠገንክልኝ» ብለው መረቁኝ። ዳቦውን ተቀበልኩ። ይህን ስጽፍ እንኳ አፍራለሁ።

ልጅቱ በሕይወት ነበረች። በእነዚያ ሳምንታት ግን ከቤት ተባራ ከጓደኞቿ ጋር መሬት ላይ ትተኛ ኖሯል። እኔ የመጀመሪያውን ቀን እውነቱን ብናገር ኖሮ እትዬ ብር ተበድረው በተራው ስልክ ያስደውሉ ነበር። ተራው ስልክ እኮ ይሠራ ነበር! እኔ ግን «ነገ ይጠገናል» እያልኩ አስጠበቅኋቸው። ኢንተርኔቱን የዘጋሁት እኔ አይደለሁም። የእትዬን ሌላ በር የዘጋሁት ግን እኔ ነኝ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ እኔ የደበቅሁት የሰውን በሽታ ነበር።

ይህ ያለፈ ነገር ነው፣ ለአስተማሪ ምን ያደርግለታል የሚል ይኖር ይሆናል። ጉዳዩ ግን ወደ ትምህርት ቤትም ዘልቋል። በ2008 ዓ.ም. የብሔራዊ ፈተና ወረቀት ሾልኮ ወጥቶ ፈተናው ተቋረጠና ሌላ ቀን ተቀጠረ። በሚቀጥለው ዓመት በ2009 ዓ.ም. በፈተና ሰሞን ኢንተርኔት ተዘጋ፤ የተዘጋውም ፈተናው እንዳይሰረቅ መሆኑ በይፋ ተነገረ። በሰኔ 2011 ዓ.ም. እንደገና በፈተና ሰሞን ተቋረጠ፤ ያን ጊዜ ግን ምክንያቱ በወቅቱ በግልጽ አልተነገረም። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ ስልክም ኢንተርኔትም ጠፍቶ ሕዝቡ ሁለት ዓመት ያህል ቆየ። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ታገዱ። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ።

ነገሩን ከሌላው ወገንም እንመልከተው። መዝጋትን የሚደግፍ ሰው፣ «በኢንተርኔት የሐሰት ወሬ ይነዛል፣ ሰው በሰው ላይ ይነሣል፣ ፈተና ይሰረቃል፤ ታዲያ ዝም ተብሎ ይታይ?» ይላል። ጥያቄው የቂል ጥያቄ አይደለም። በሐሰት ወሬ ሰው ሊሞት ይችላል። እኔ የምመልሰው ግን በእናንተው በመምህራን ቋንቋ ነው። ከ50 ተማሪዎች አንዱ ቢኮርጅ አስተማሪው ምን ያደርጋል? የኮረጀውን ይቀጣል ወይስ ትምህርት ቤቱን ዘግቶ ሁሉንም ወደ ቤት ይሰዳል? ጥላቻ የሚሰብከውን የሚጠይቅ ሕግ አለን፤ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አዋጅ ቁጥር 1185 በሥራ ላይ ነው። የፈተናም ነገር ቢሆን በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞችን ዩኒቨርሲቲ ግቢ አስገብቶ መፈተን ተጀምሯል። ወረቀቱ መጠበቅ ያለበት ወረቀቱ ባለበት ቦታ ነው እንጂ እትዬ ቤት አይደለም።

ሕጋችንስ ምን ይላል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 መረጃ የመፈለግ፣ የመቀበልና የማሰራጨት ነፃነትን ደንግጓል። ሕግ ሊገድበው የሚችልበት ሁኔታም እዚያው ተጽፏል። እንግዲህ ገደብ ይኑር ከተባለ ገደቡ በየትኛው ሕግ፣ ለምን፣ የት አካባቢና እስከ መቼ እንደሆነ መነገር አለበት ባይ ነኝ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳለፈው ውሳኔ ሆን ብሎ ሰዎችን ከኢንተርኔት ማቋረጥን አውግዟል። ስለዚህ ምክንያቱን መጠየቅ አመፅ አይደለም፣ ጥጋብም አይደለም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። የእኔ ሙያ ሁለት ፈተና አለበት፤ አንደኛው መዋሸት ሲሆን ሁለተኛው ማየት ነው። ባለፈው አንድ ሠልጣኝ ወደ ክፍሌ መጥቶ፣ «ወንድሜ፣ እገሊት በዋይፋያችን ከማን ጋር እንደምትጻጻፍ እይልኝ» አለኝ። ሳቅሁበት፤ እሱ ግን የምሩን ነበር። ስማኝ ወንድሜ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የሰው ደብዳቤም፣ የስልክና የኤሌክትሮኒክ ግንኙነቱም ሊደፈር አይገባም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም የሰውን መረጃ የያዘ ሁሉ እንዲጠነቀቅ ያዛል። ቁልፉ በእጄ ስላለ ብቻ ቤቱ የእኔ አይሆንም። አንተም ነገ የ60 ልጆችን ስም፣ ውጤትና የወላጅ ስልክ ቁጥር ትይዛለህ፤ እንደ ራስህ ምስጢር ጠብቀው።

አሁን ወደ ማጠቃለያዬ ልምጣ። በቅርቡ በየወረዳው ተመድባችሁ ትሄዳላችሁ። አንዳንዶቻችሁ በቀበሌው ውስጥ ስለ ኮምፒዩተር የሚያውቅ ብቸኛ ሰው ትሆናላችሁ። ያን ጊዜ «ለምን ጠፋ?» ተብሎ የሚጠየቀው ቴክኒሺያን ሳይሆን መምህሩ ነው። ስለሆነም ሦስት ነገር አደራ እላችኋለሁ።

አንደኛ፣ መርምሩ። በገመድ በሚሠራው ሣጥን ላይ ሎስ የሚለው መብራት ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ካለ ብርሃን እየደረሰው ስላልሆነ ገመዱን ጠርጥሩ። መብራቱ ደኅና ሆኖ ቀን ቀን ቀርፋፋ፣ ሌሊት ፈጣን ከሆነ መጨናነቅ ነው። የጎረቤት ስልክ እየሠራ የእናንተ እንቢ ካለ ሒሳባችሁን ተመልከቱ። ስልክ እየተደወለ ኢንተርኔት ብቻ በሁሉም ሰው፣ በሁሉም ድርጅት መስመር፣ በአንድ ሰዓት ከጠፋ ግን የመዘጋት ምልክት ስለሆነ ጠይቁ። ሳታረጋግጡ ደግሞ «ተዘጋ» ብላችሁ አታውሩ፤ ያም ሌላ ውሸት ነው።

ሁለተኛ፣ አስቀድማችሁ ተዘጋጁ። የምታስተምሩበትን መጽሐፍና ቪዲዮ ኔትወርክ ባለበት ቀን አውርዳችሁ በፍላሽ ያዙ። ትምህርት በአንድ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ መዋል የለበትም።

ሦስተኛ፣ መዝግቡ፤ እውነቱንም ተናገሩ። ተማሪ ከክፍል ሲቀር ስም መጥሪያው ላይ ምልክት እናደርጋለን፤ ሲመለስ ምክንያቱን እንጠይቃለን፤ «ታምሜ ነው» ካለ ማስረጃ አምጣ እንለዋለን። የ10 ዓመት ሕፃን ለአንድ ቀን መቅረቱ ምክንያት ከተጠየቀበት የአንድ አገር ኢንተርኔት ሦስት ሳምንት ሲቀር ምክንያቱን መጠየቅ ነውሩ ምኑ ላይ ነው? ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ። ለተማሪና ለወላጅ የምታውቁትን ንገሩ፤ የማታውቁትን «ገና አላወቅሁም» በሉ።

በእኔም በኩል ቃሌን ልስጥ። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ በኮምፒዩተሩ ክፍል በር ላይ አንድ ወረቀት እለጥፋለሁ። መስመር በጠፋ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱንና ከአራቱ «የለም» የትኛው እንደሆነ እጽፍበታለሁ። ምክንያቱን ካላወቅሁም «አልታወቀም» ብዬ እጽፋለሁ። «ነገ ይጠገናል» የሚለውን ግን መሰላል የሚያስወጣ ሥራ ሲኖር ብቻ ነው የምጽፈው።

እትዬን እስካሁን እውነቱን አልነገርኳቸውም። ለበዓል ስሄድ ዳቦ ይዤ እገባና እነግራቸዋለሁ።

ቸር እንሰንብት።

የተቋሙ የኢንተርኔት ቴክኒሺያን