ለሰፈሩስ ማን ይስበክ?

ጆሃንስበርግ ውስጥ ሐበሻው «ጂፒ» ከሚለው የንግድ መንገድ ጥቂት እንደተራመዱ፣ ፕሪቻርድ ጎዳና ላይ ሴንትራል ሜቶዲስት የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። በ2000ዎቹ ዓመታት (የደቡብ አፍሪካውን ታሪክ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከዚምባብዌ ሸሽቶ የመጣ ሰው ማደሪያ ሲያጣ የሚሄደው ወደዚያ ነበር። ጳጳሱ ፖል ቬሪን ሕንጻውን ከፈቱለት። እኚህ ሰው በአፓርታይድ ዘመን መጨረሻም ሶዌቶ ውስጥ ቤታቸውን ፖሊስ ለሚያሳድዳቸው ወጣቶች መጠለያ ያደረጉ ናቸው። የእንግዳው ቁጥር እየጨመረ ሄዶ አንድ ሰሞን ከ2,000 በላይ ሰው እዚያ ያድር ነበር። እናቶች ሕፃናት ታቅፈው ደረጃ ላይ ይተኛሉ፤ ቦታ ያጣው ደግሞ ምእመናን የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ጋደም ይላል። በ2008 ለልጆቹ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ መምህራኑም ከዚያው ከስደተኛው መካከል የተገኙ ነበሩ።

የዚህ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሲነሳ ሰው የሚያደንቀው በሩ መከፈቱን ነው። እኔም አደንቃለሁ። አጥብቄ የማስበው ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። በጥር 2008 አንድ ሌሊት ፖሊስ ሕንጻውን ሰብሮ ገብቶ ከሺህ በላይ ሰው አፍሶ ሄደ። ነባሩ ምእመን እሑድ ጠዋት ለአምልኮ ሲመጣ ሽታውና ጭንቅንቁ አስመረረው። በሕንጻው ውስጥ የሕፃናትን ደኅንነት የሚመለከቱ ከባድ ችግሮችም ተነሥተዋል፤ ይህን መሸፋፈን ለስደተኛውም አይጠቅምም። በ2010 ቬሪንን የገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው ከሥራ አገደቻቸው፤ ኋላ ተመለሱ። በ2014 መጨረሻ መጠለያው ተዘጋ።

በግንቦት 2008 ደግሞ ከዚያው ከተማ፣ ከአሌክሳንድራ ሰፈር፣ በመጤዎች ላይ ጥቃት ተነሥቶ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። 62 ሰው ሞተ። ከሟቾቹ 21ዱ የአገሪቱ ዜጎች ናቸው፤ ከሌላ አካባቢ በመምጣታቸውና ቋንቋቸው በመለየቱ ብቻ እንደ ባዕድ የተቆጠሩ ይገኙባቸዋል።

ከሆሳዕና ከተማ ወደዚያው አገር ሄዶ ብዙ ዓመት በሎኬሽን፣ ማለትም በጥቁሮቹ የድሃ ሰፈር፣ ሱቅ የነገደ አንድ ወዳጅ አለኝ። ከሽቦ መስኮት ጀርባ ቆሞ ዳቦ፣ ሲጋራ በነጠላ፣ የሞባይል ካርድ ይሸጥ ነበር፤ ሲመሽ እዚያው ከዕቃው መሐል ይተኛል። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከታች በኩል ጩኸት ተሰማ። ጎረምሶቹ ሁለት ሱቅ ዘርፈው ወደ እሱ እየመጡ ነበር። ከፊት ለፊቱ የሚኖሩ፣ ሁሉም «ጎጎ» የሚላቸው አሮጊት ከጸሎት እየተመለሱ ነው፤ የሜቶዲስት ሴቶች ሐሙስ ሐሙስ የሚለብሱትን ቀይ ሸሚዝና ነጭ ባርኔጣ እንደለበሱ። እጁን ይዘው ጓሮ ካለች ክፍላቸው አስገቡትና ተመልሰው ሱቁ በር ላይ ቆሙ። ልጆቹን በየስማቸው፣ የማን ልጅ እንደሆኑ ጭምር እየጠሩ ተናገሯቸው። አንዱን «አያትህ የተቀበሩ ዕለት እናትህ ዱቄትና ዘይት በዱቤ የወሰደችው ከማን ነው?» አሉት። ፊት የነበሩት አቀርቅረው ዞሩ። ከኋላ ያሉት ግን ጠርሙስ ወረወሩ፤ ማቀዝቀዣውም በማግስቱ ሌሊት ተሰርቆ ሄደ። ወዳጄ ይህን ሲያጫውተኝ፣ «ቤተ ክርስቲያናቸው ኋላ ብርድ ልብስም ምግብም ሰጥቶኛል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። በሕይወት የቆየሁት ግን እሳቸው ልጆቹን ስለሚያውቋቸው ነው» አለኝ።

ስለ ስደተኞች አገልግሎት ባሰብኩ ቁጥር የሚመጣብኝ ይህ ነው። ብርድ ልብስ የሚያድል ድርጅት አይጠፋም። ጎረምሳውን በእናቱ ስም ጠርቶ የሚያቆመው ግን አብሮት የኖረ፣ አብሮት የሚጸልይ፣ ነገም ቀና ብሎ የሚያየው ሰው ነው። ክርስቲያኖች ለስደተኛው በምናደርገው ነገር ውስጥ የጎደለው ይህ ይመስለኛል። ለመጣው ሰው እንደርስለታለን፤ የሚጠላውን ሰው ግን፣ የራሳችን ምእመን ሆኖ ሳለ፣ ዝም ብለን እናልፈዋለን።

ነገሩ የደቡብ አፍሪካ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት፤ የእኛም ነው። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. (ከዚህ ወዲህ ያለው በእኛ አቆጣጠር ነው) ደርባን አጠገብ ኡምላዚ በተባለ ሰፈር ሁለት ኢትዮጵያውያን ወንድማማቾች ከኮንቴይነር በተሠራ ሱቃቸው ውስጥ እንዳሉ እሳት ተለቀቀባቸው፤ አንደኛው ሆስፒታል ገብቶ ሞተ። በዚያው ወር ሊቢያ ውስጥ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች መገደላቸው ተሰማ። አገር ሙሉ ማቅ ለበሰ። በየደጀ ሰላሙ ጸሎተ ፍትሐት ተደረገ፤ በየአዳራሹ ሰው ተንበርክኮ አነባ። የስደት መከራ ምን እንደሆነ የማያውቅ ቤት የለንም።

እኛም ዘንድ ግን ስደተኛ አለ። አንድ ሚሊዮን ገደማ ስደተኛ ኢትዮጵያ ውስጥ ተጠልሏል፤ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራ፣ ከሱዳን። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1110 ሥራ የመሥራትና ከመጠለያ ውጭ የመኖር መብትን ሳይቀር በሕግ አስፍሯል። ሕጉ የሰፈር ሰው ፊት እንዴት እንደሚሆን ግን ሊወስን አይችልም።

በ2015 ሚያዝያ ሱዳን ስትታመስ በመተማ በኩል የገቡት ሰዎች ምዕራብ ጎንደር ውስጥ በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ሰፈሩ። ዘረፋው፣ እገታውና ግድያው ሲደጋገምባቸው በ2016 ሚያዝያ መጨረሻ አካባቢ ብዙዎች መጠለያውን ጥለው በእግር ወጡ፤ ከነልጆቻቸው ለሳምንታት መንገድ ዳር ከረሙ። አካባቢው ራሱ በጦርነት የተጎዳ ነው፤ ነዋሪውም የሚታገትበት፣ የሚዘረፍበት ዘመን ነው። ይህን አውቃለሁ። ግን ታቦት በሚወጣበት፣ ጥምቀት በሚከበርበት አገር ነው ይህ የሆነው። ስደተኞቹ አብዛኞቹ ሙስሊሞች መሆናቸው ደግሞ ኃላፊነታችንን አይቀንሰውም። የተራበ ሰው በር ሲያንኳኳ የክርስትና ስሙን አንጠይቅም።

አዲስ አበባ ላይ ጥላቻው ዱላ አይዝም፤ ግን በወሬ ይዞራል። በየዓመቱ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የእመቤታችንን ስደት እናስባለን። ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል፤ ሌሊቱን በሙሉ ከሄሮድስ ሸሽታ ልጇን አዝላ የተንከራተተችውን እናት እያሰብን እናነጋለን። በትውፊታችን ውኃ የነፈጓት፣ ከደጃቸው ያባረሯት ሰዎች በክፉ ይነሣሉ። ባለፈው ጽጌ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የዝክሩ ዳቦ ገና ከእጃችን ሳይወርድ፣ አጠገቤ የነበሩ ሴቶች ወሬያቸው ስለ ኤርትራውያን ተከራዮች ሆነ። «ኪራዩን ሰማይ ሰቀሉት»፣ «ዶላር ይላክላቸዋል፤ ምን አለባቸው»፣ «ሰፈሩ እኮ የኛ መሆኑ ቀረ»። ክፉ ሰዎች አይደሉም። አንዷ ባለፈው ዓመት ለሁለተኛ ጊዜ ቤት የለቀቀች፣ ልጆቿን ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት የምታንከራትት እናት ናት፤ ምሬቷ እውነት ነው። ነገር ግን ኪራዩን የጨመረው ስደተኛው አይደለም፤ አከራዩ ነው። ስደተኛ አገር የለውም፣ የሚጮህለት የለም ብሎ በእጥፍ የሚያከራየው ሰው ብዙ ጊዜ ከእኛው ጋር ያስቀድሳል፣ ከእኛው ጋር ይቆርባል። ይህን ከዐውደ ምሕረት ላይ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

አገልግሎቱ የለም ማለቴ አይደለም። የቤተ ክርስቲያናችን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን ስደተኞችንና ከስደት ተመላሾችን የሚረዳ ክፍል አለው። የኢየሱሳውያን የስደተኞች አገልግሎት አዲስ አበባ ላይ ለከተማ ስደተኞች ማዕከል ከፍቶ ብዙ ዓመት ሠርቷል። እነዚህ ሰዎች ስማቸው ሳይነሳ ስንት ነፍስ አትርፈዋል፤ ብድራቸውን እሱ ይክፈላቸው። ይሁን እንጂ ሥራው የኮሚሽን፣ የጽሕፈት ቤት፣ የፕሮጀክት ሆኖ ቀርቷል። አጥቢያው አያውቀውም። ሰባኪው አያነሳውም። ሰንበት ትምህርት ቤቱ ማረሚያ ቤት ይጠይቃል፣ ሆስፒታል ይጠይቃል፤ ሁለት ቤት አልፎ በአንዲት ክፍል አምስት ሆነው የሚኖሩትን የአሥመራ ልጆች ግን አይጠይቅም።

የሰፈሩ ድሃ ደግሞ ሳይቆጠር መታለፍ የለበትም። እርዳታ ለስደተኛው ብቻ ተጭኖ ሲያልፍ ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው ቂም ቢይዝ አይፈረድበትም። የጾም ፍቺ ዱቄት የሚያድል ደብር፣ ስደተኛዋንና ቤት አልባዋን የሰፈር እናት አንድ ሰልፍ ላይ ያሰልፋቸው፤ እዚያ ሰልፍ ላይ ይተዋወቃሉ፣ ልጆቻቸውን ይጠያየቃሉ። የንስሐ አባትም አከራይ የንስሐ ልጁን «ከስደተኛው ስንት ትቀበላለህ? ከሌላውስ?» ብሎ ይጠይቀው። ስለ ጾም ስለ ስግደት የሚጠይቅ አባት ይህን ለመጠየቅ ሊያፍር አይገባም።

ከሁሉ አስቀድሞ እንዲሆን የምመኘው ግን የዕድሩ ነገር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ዕድር የሌለው ሰው ቢሞት ድንኳን የሚተክልለት፣ ንፍሮ የሚቀቅልለት የለም፤ ስደተኛው ይህን ያውቃል፣ ይፈራዋልም። በየአጥቢያው ያለው ዕድር ስደተኞችን በአባልነት ይመዝግብ። እንደማንኛውም አባል መዋጮ ይክፈሉ፣ ሲቀሩ ይቀጡ፣ ቀብር ይሂዱ፣ ለቅሶ ይድረሱ። አብሮን ሬሳ የሸኘውን ሰው «ሰፈራችንን ያበላሸ» ማለት ለማንም አይቀልም። መተዳደሪያ ደንቡ የቀበሌ መታወቂያ ይጠይቃል የሚል የዕድር ዳኛ ይኖራል፤ ደንቡን በጠቅላላ ጉባኤ ማሻሻል ይቻላል። ዳኛው እምቢ ካለም ቤቱ ድረስ ሄዶ ቁጭ ብሎ ማነጋገር ያለበት የንስሐ አባቱ ነው።